መሀሉ ላይ መስመር ያለው ክኒን

ወርክሾፑ በር ላይ ስንደርስ ሰዉ ሁለት ሥራ ይዞ ነበር። ግማሹ ለሟቹ ያለቅሳል፣ ግማሹ በሕይወት ያለውን ይረግጣል። ሳጅኑ ዱላውን አውጥቶ መንገድ ከፈተልኝ። ከሰዉ እግር ሥር ያገኘሁት ሠላሳ አራት ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ነው። እጆቹን በሽቦ የፊጥኝ አስረውታል፤ አፉ ደም ሞልቷል፣ ሱሪው ረጥቧል። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ የሚያይ ግን አይመስልም።

"ወንድሙን ገድሎ ነው! ሬሳው አጠገብ ሲንፈራገጥ ነው ያገኘነው!" አለኝ አንዱ፣ እግሩን እንደገና እያነሳ። እኔም የቆመበትን እግር ረገጥኩለት። የፖሊስ ጫማ ለአንዳንድ ሰው ጨዋነት ይመልስለታል።

ሟቹ ውስጥ ነበር። የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት የዚህ ቤት ባለቤት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ግዙፍ ሰው፣ ባላለቁ ሁለት በሮች መሀል በደረቱ ተደፍቷል። ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል። ሦስት ጊዜ ተመትቷል፤ ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ። ደሙ ሲሚንቶው ላይ ካለው የብረት ብናኝ ጋር ተለውሶ ረግቷል።

ግድግዳው ላይ ትልቅ የመሣሪያ ሰሌዳ አለ። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀይ ቀለም ተስሏል፤ ፒንሳው የፒንሳ ጥላ፣ መጋዙ የመጋዝ ጥላ አለው። ትልቁ መዶሻ ጥላው ላይ ልክክ ብሎ ተሰቅሏል። ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሶ እሱ ብቻ ንጹሕ ነበር። ሳሸተው ናፍጣ ሸተተኝ። እጀታው ከብረቱ በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ግን ደም ቀርቷል።

"ሟቹ መሣሪያ ከቦታው ሲጠፋበት በጩኸት ሰማይ ይቀድ ነበር" አለኝ ጎረቤቱ ጎማ ጠጋኝ። "ስድቡ እኔ ቤት ድረስ ይመጣል። ሠራተኞቹ እንቅልፋቸውን ተኝተው እንኳ መዶሻ የሚሰቅሉ ይመስለኛል።"

ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለች አንዲት ነጭ ክኒን አወጣሁ። ራስ ምታት ነበረበት ብዬ ከዕቃው ጋር አስመዘገብኳት። እንዲህ ያለ ነገር ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴን ማን እንደቆጠረልኝ ይገርመኛል።

*

የታሰረው ሰው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ሠፈሩ "ሠዓሊው" ይለዋል፤ በር ቀቢ ስለሆነ። የሚጥል በሽታ አለበት። ሐኪም እሳት፣ መሰላልና የብረት መቁረጫ ስለከለከለው ወንድሙ ብሩሽ ሰጠው። የሚኖረው ከእህቱና ከባሏ ጋር ነው፤ ባሏም የዚያው ወርክሾፕ በያጅ ነው።

"ምን ታስታውሳለህ?" አልኩት ጣቢያ ካደረስነው በኋላ።

"ሐሙስን።" ምላሱን ነክሶት ስለነበር ቃሉ አብጦ ይወጣል። "ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰው ሲረግጠኝ ነው። ጋሼ ሞቷል አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

አፉን በትከሻው ጠረገ። "እንግዲያው እኔ ነኝ መሰለኝ። ይህ ሁሉ ሰው ይዋሻል? ወረቀቱን ያምጡትና ልፈርም።"

ስንት ሰው ደም በእጁ ይዞ "እኔ አይደለሁም" ሲለኝ ኖሯል። የማያስታውሰውን ልፈርም የሚል ሲመጣ ግን ወረቀቱን መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ኮማንደሩ ግን ደስ አለው። "ጣለው፣ አበደ፣ ገደለ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ፊርማው ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን። አንቺ ሴትዮ ደግሞ ነገር አታብዢ።"

ስመለስ ሠዓሊው ሳጅኑን ይለምናል። "የክኒን ሳጥኔን ወስዳችሁብኛል። የማታዬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እንዳታሳልፉኝ፣ በእናትህ።"

"እስረኛ ከኪሱ ክኒን አይውጥም፤ ደንብ ነው" አለ ሳጅኑ።

ሠዓሊው ሊመልስለት አፉን ከፈተና ቃል ሳይሆን ጩኸት ወጣው። ተገትሮ ወደቀ፤ ግንባሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው። ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ተረከዙ ወለሉን ይደበድባል። ሳጅኑ አፉ ውስጥ ቁልፍ ለመክተት ይታገላል፣ እኔ ክንዱ ላይ ተቀምጬ እጫነዋለሁ። ሁለታችንም የረዳነው መስሎን ነበር።

በኪሱ ካርድ ነበረ፦ "የሚጥል በሽታ አለብኝ። ለሐኪሜ ደውሉ።" ደወልን።

*

ሐኪሙ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ሽማግሌ ነው። ገና ከመግባቱ ተቆጣ።

"ማነው የተቀመጠበት?"

"እኔ ነኝ።"

"ሌላ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጪ። በጎኑ ነው የሚዞረው። ጭንቅላቱ ሥር ልብስ ታደርጊለታለሽ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሪም፣ ሰዓት ትይዢያለሽ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል።"

"እንዲህ ሆኖ ሰው ሊገድል ይችላል?"

"ግንባሩን አየሽው? ራሱን እንኳ ከጠረጴዛ አላዳነም። ሲነቃ ግራ ይጋባል፤ የያዘውን ሰው ሊገፈትር ይችላል። ሦስቴ አንድ ቦታ ላይ መትቶ፣ መዶሻ በናፍጣ አጥቦ መስቀል ግን የዚህ በሽታ ሥራ አይደለም።" ቁስሉን እየጠራረገ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ጥሎት አያውቅም። ማክሰኞ ለት ሥራ ቦታው ላይ ጣለው አሉኝ፤ ዛሬ ደግሞ ሁለቴ። መድኃኒቱን ድንገት ያቆመ ሰው ነው የሚመስለው።"

"አቁሞ ይሆናላ።"

"እሱ? ደብተሩን ብታዪ እንዲህ አትይም ነበር። ክኒን በዋጠ ቁጥር ምልክት ያደርጋል። ማስታወሱ ስለሚከዳው የሥራውንም የወሬውንም እዚያው ይጽፋል።"

"ያመለጠውን ለማካካስ እጥፍ እንስጠው?" አለ ሳጅኑ፣ አሁን እንኳ ደግ ሊሆን ፈልጎ።

"እጥፍ ማንም አይሰጠውም! ደሙን መርምሬ ከየት እንደምንጀምር የምወስነው እኔ ነኝ።"

ሠዓሊውን በካቴና እንደታሰረ ወደ ክሊኒክ ወሰደው። ቀትር ላይ ደውሎ የነገረኝ አጭር ነው። "ደሙ ውስጥ መድኃኒቱ የለም።"

*

እስከዚያ እኔ ሌላ ሰው እያሳደድኩ ነበር። ጎማ ጠጋኙ እንደነገረኝ፣ ሐሙስ ለት "ጥርሰ ወርቁ" የሚሉት ደንበኛ በሩ አንድ ስንዝር አጥሮ ስለተሠራበት፣ "ጭንቅላትህን ነው የምከፍለው!" እያለ ሟቹን አንቆት ነበር። ቤቱ የለም፤ ሱቁ የለም፤ ሚስቱም አታውቅም። ሦስት ፖሊስ ግማሽ ቀን ከተማውን አሰስን። ማምሻውን ምስኪኑ ከራሳችን ጣቢያ ጓዳ ተገኘ፤ ዓርብ ከሰዓት በሌላ ጠብ ተይዞ እስካሁን ከእኛው ብርድ ልብስ ሥር ያንኮራፋል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ኮማንደሩ ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀብኝ።

ደግሞም መዶሻው እንቢ አለኝ። የወርክሾፑ ያልሆነ ሰው ገድሎ ሲሸሽ መዶሻውን ይጥላል ወይም ይዞት ይሄዳል። ወደ ጥላው የሚመልሰው እጁ የለመደ ብቻ ነው። አመል ያወጣል ከመሀል።

ከመዘጋቱ በፊት መድኃኒት ቤት ደረስኩ። ከሠዓሊው ሳጥን አንዲት፣ ከሟቹ ኪስ ያቺን አንዲት አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቱም አንድ ናቸው። ፋርማሲስቷ በጥፍሯ ገለበጠቻቸው።

"ይሄ ከእኔ የወጣ አይደለም።"

"ነጭ ነው፣ ሞላላ ነው። ያንቺስ?"

"የእኔ ለስላሳ ነው። ቀስ እያለ ሆድ ውስጥ ስለሚለቀቅ አይሰበርም፣ አይደቅም፤ ስለዚህ መሰበሪያ መስመር የለውም። ይሄ መሀሉ ላይ መስመር አለው። ተራ ቫይታሚን ነው።"

"ፋብሪካ ለውጠሽ ይሆናል።"

ተቆጣች። "ለዚህ በሽታ ለሐኪሙ ሳልነግር አንዲት ፍሬ አልለውጥም። ሠዓሊውንም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ የክኒንህ መልክ ከተለወጠ እኔን ሳትጠይቅ አትዋጥ፣ ግን በገዛ እጅህም አታቁም፣ ያኑ ቀን ና ብዬ።"

የመጨረሻው ብልቃጥ የወጣው ከዛሬ አሥራ ሦስት ቀን በፊት ነው። እሷ ፈቃድ ላይ ነበረች። መዝገቡ ላይ ያለው የእህቱ ስም ነው፤ መድኃኒቱ ሁልጊዜ በእሷ ስም ነው የሚወጣው።

*

እህትየዋ ቤት በሩን የከፈተልኝ ባሏ ነው። ትከሻው በሩን ይሞላል፤ አነጋገሩ ግን ለስላሳ ነው። "ይግቡ እህቴ። እሷ እንኳ ለመናገር አቅም የላትም።"

አልዋሸም፤ የምጠይቃትን ሁሉ እሱ ይመልሳል። ዛሬ ጠዋት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ከእሷ ጋር ነበር። ከዚያ በቀጥታ የግቢ በር ወደሚገጥምበት ቤት ሄደ። "ወርክሾፑን ዛሬ በዓይኔም አላየሁት። ባየውማ ኖሮ ጋሼን አተርፈው ነበር" አለና ዓይኑን ጠረገ።

"እውነት ነው?" አልኳት።

"አብሮኝ ነበር" አለች። በአፏ በአንደኛው ጎን ብቻ ነው የምትናገረው። ጉንጯ አብጧል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ጥርሷን ነው" አለ እሱ።

"የወንድምሽን ክኒን ሳጥን የሚሞላው ማነው?"

"እኔ" አለች። "እሑድ እሑድ። ከብልቃጡ እየቆጠርኩ።"

ከዚያ ቤት የወጣሁት እሷን ጠርጥሬ ነው። መዝገቡ ላይ ስሟ አለ፣ ሳጥኑን የምትሞላው እሷ ነች። ምን አድርገውሽ ነው ሁለቱንም የጠላሻቸው እያልኩ መንገዱን ጨረስኩ። ያበጠ ጉንጭ አይቼ ስለ ጥርስ ያሰብኩ እኔ ነኝ፤ ይህንን ከማንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

*

እሑድ ማለዳ የሠዓሊውን ደብተር ወርክሾፑ ውስጥ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ኋላ አገኘሁት። ገጹ ሁሉ የጣት አሻራ ነው። ጠዋት አንድ ምልክት፣ ማታ አንድ ምልክት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። የዓርቡ ገጽ እንዲህ ይላል፦

"11 ሰዓት፤ በያጁ ወደ ቤት ሄደ። 12 ሰዓት፤ ነገ ለሚገጠመው የግቢ በር ሦስት ማጠፊያ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀብቼ ሽቦው ላይ ሰቀልኩ። የማታ ክኒኔን ጋሼ ከእጄ ላይ አነሳው። ያንተ መስመር አልነበረውም አለ። ነገ መድኃኒት ቤት አብረን እንሄዳለን። ከጋሼ ጋር ቆልፈን ወጣን።"

ቀና ብዬ ሽቦውን አየሁት። ባዶ ነው። ሥሩ ሲሚንቶው ላይ ሦስት የቀይ ቀለም ጠብታዎች ደርቀዋል። ሳጅኑ ትናንት ያነሳቸውን ፎቶዎች አወጣ፤ ሬሳው ገና መሬት ላይ ሳለ ሽቦው ባዶ ነበር።

በያጁ በር ወደገጠመበት ግቢ በሩጫ ሄድን ማለት ይቻላል። አዲሱ በር ቆሟል። ሦስት ቀይ ማጠፊያዎች በብሎን ታስረውበታል።

"በያጁ መቼ ነው ያመጣቸው?" አልኩት ዘበኛውን።

"ትናንት ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል። በካርቶን ይዟቸው መጣ። እጁ እስከ አንጓው ቀይ ነበር። 'ቀለሙ አልደረቀም፣ እንዳትነካው' አለኝ።" ዘበኛው ፊቴን አይቶ ድምፁ ቀነሰ። "ውሃ ቀዳሁለትና ታጠበ። ቀለም ነው ካለኝ እኔ ምን አውቃለሁ?"

*

ክሊኒኩ ስደርስ እህትየዋ ወንድሟ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች። ባሏ ለቀብሩ ሰው ሊጠራ ወጥቷል። ሠዓሊው ካቴናው እንዳይታያት እጁን አንሶላ ውስጥ ደብቋል።

ክኒኗን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። "ይሄ መስመር መቼ ነው የጀመረው?"

"አዲሱ ብልቃጥ የመጣ ለት። ምላሴ ላይ ታወቀኝ። ሳልጠይቅ አልውጥም ብዬ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዋጥከው?"

"መልሱ አብሮ መጣልኛ። 'ፋብሪካው ለውጦታል፣ ፋርማሲስቷ ንገረው ብላኛለች' አለኝ።"

"ማን?"

"የእህቴ ባል። ብልቃጡን ያመጣው እሱ ነው። ያን ለት እሷን አሟት ነበር።"

እህትየዋ ከወንበሯ ተነሳች፤ መልሳም ተቀመጠች። አጠገቧ ተንበረከክሁ። "እህቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ያን ለት ያመመሽ ምን ነበር?"

"የጎድን አጥንቴን" አለች። "በእርግጫ። መቆም አልቻልኩም ነበር።" ከዚያ በኋላ አላቆመችም። "ወንድሜ እኛ ቤት ከገባ ጀምሮ ባሌ ሲመታኝ መሀል ይገባል። አይማታም፤ ዝም ብሎ በሩ ላይ ይቆማል። እሱ ሲቆም ያኛው ይተወኛል። አንድ ቀን፣ 'ይሄ በሽተኛ ቆሞ የሚቀር መስሎሻል?' አለኝ። ልብሱን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ ባዶ የቫይታሚን ማሸጊያ አገኘሁ። ለራሱ የሚወስድ መሰለኝ! እኔ በገዛ እጄ ሳጥኑን እየሞላሁ..."

"ቅዳሜ ጠዋትስ?"

"አሥራ ሁለት ሳይሞላ ወጥቷል። 'ከእኔ ጋር ነበር ካላልሽ አንቺም ትከተይዋለሽ' ብሎኝ ነው።"

ሠዓሊው አንሶላውን ጥሎ ያልታሰረ እጁን ዘረጋላት። እጇን ሲይዝ ካቴናው ተንኳኳ።

*

በያጁን ወደ ቤቱ ሲመለስ ግቢው ውስጥ አገኘነው። እኔንና ሳጅኑን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ደብተሩን በእጄ ሲያይ ግን ፈገግታው ጠፋ። የብረት ዘንግ አንስቶ መጀመሪያ ወደ እኔ ወረወረው፤ ጆሮዬን አልፎ መስኮቱን አደቀቀው። ሁለተኛውን ዘንግ ሳጅኑ በክንዱ መከተ፤ አጥንቱ ሲሰበር ከበሩ ድረስ ተሰማ። በያጁ እንደገና ሲያነሳ ጉልበቱን በዱላዬ መታሁት። አሁንም መታሁት። ወድቆም ሲሳብ ሦስተኛውን ላሳርፍ እጄ ተነስቶ ነበር። ሦስት የሚለው ቁጥር ነው ያቆመኝ።

ሳስረው መሬቱን እያየ ተናገረ። ማጠፊያውን ሊወስድ ሲገባ ታላቅየው ክኒኗን ይዞ ጠበቀው። "'ወንድሜን መርዘህ እህቴን ልትገድል ነው። ዛሬውኑ ሁለቱንም እወስዳቸዋለሁ' አለኝ። ከዚያ ልክ እንደ ውሻ ጀርባውን ሰጠኝ።"

"ስንት ጊዜ መታኸው?"

"አልቆጠርኩም።"

"መዶሻውን ለምን ሰቀልከው?"

ቀና ብሎ አየኝ። እውነተኛ ግርምት ነበር ፊቱ ላይ። "ሰቀልኩት እንዴ?"

*

ስድስት ሰዓት ላይ ኮማንደሩ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ነበር፤ የሌላ ሰው ፊርማ። ካቴናውን ልፈታ ክሊኒክ ስደርስ ሐኪሙ አዲሱን ብልቃጥ ይዞ ቆሟል። ሠዓሊው ክኒኗን በምላሱ ሳይሆን መጀመሪያ በጥፍሩ ዳሰሳት። ለስላሳ ናት። ለእህቱ አቀበላት፤ እሷም ዳሰሰችና የብልቃጡን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችለት። የእሱ ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ። ከዚያ ዋጠ።

ደብተሩን ስመልስለት እስክሪብቶ ጠየቀኝ። አዲሱን ምልክት የሚያደርግ መሰለኝ። እሱ ግን ወደ ኋላ ገለጠ፤ አዲሱ ብልቃጥ ወደመጣበት እሑድ። የማታውን ምልክት ሰረዘና "አልወሰድኩም" ብሎ ጻፈበት። የሰኞ ጠዋቱንም ሰረዘ።

"ይቅርብህ" አለችው እህቱ። "አሁን ምን ያደርግልሃል?"

"ሐኪሙ የሚያየው ደብተር ነው። ውሸት አይጻፍበትም።"

ሃያ አራቱን ምልክቶች አንድ በአንድ ሰረዘ። ዓርብ ማታ ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ምልክት የለም፤ የራሱ ጽሑፍ ብቻ ነው። አንብቦት አያውቅም፤ መጻፉንም አያስታውስም። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበው።

"ጋሼ ከእጄ ላይ አነሳው" አለ ጮክ ብሎ።

እህቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። በዚያች መስመር ላይ ምንም የሚሰረዝ አልነበረም።